ቤቱ ደህና ነው ያለው ማነው?

ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን 2081 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ የወረደው በረዶ ምን ያህል እንደነበር እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። የአየር ጠባይ መዝገቡ «መካከለኛ» ይለዋል። የአዲሱ ኬላ ሰፈር ሰው በመጀመሪያው ቀን የዶሮ እንቁላል ያክላል አለ፤ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን አከለ፤ ሳምንት ሲሞላው አንዱ ፍሬ ብቻውን በግ ገድሎ፣ በጉ ተገፍፎ ተበልቶ እስኪያልቅ ሳይቀልጥ እዚያው ተቀምጦ ነበር ተባለ። ጋሽ ናሆም በጉን አላዩትም። እሳቸው ያዩት የራሳቸውን ጣሪያ ነው። ከሳሎኑ በላይ የነበረው ግማሹ ወርዶ ሶፋው ላይ ተዘርሯል፤ በተረፈው ቀዳዳ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጋሽ ናሆም ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ስማቸው የዘመናቸው ነው፤ በዚያ ሰፈር ናሆም፣ ባሮክ፣ ኖላዊ ብሎ የሚጣራ ሰው አቤት የሚለው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። አርባ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስንቱ ሊፍት በስንት ክር እንደተንጠለጠለ ስለሚያውቁ ከመሬት ርቀው ላለመተኛት ምለው ተገዝተዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ እስከ ሰኔ አስራ ሁለት ሙሉ ጣሪያ ያልለበሰ፣ ወይም ይለብሳል የሚል የመድን ወረቀት ያልያዘ ቤት፣ «ሰው የማይኖርበት» ተብሎ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ፎቅ ይወሰዳሉ። ለእነ ጋሽ ናሆም የተያዘላቸው ሰላሳ አራተኛው ፎቅ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሃሴት በበኩላቸው አንድ ልጃቸውን ማራማዊትን የተገላገሉት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ አምቡላንሱ መንገድ ጠፍቶት ሰፈሩን ሲዞር። ከዚህ ቤት የምወጣው ሰው ተሸክሞኝ ነው ብለው ቁርጡን ተናግረዋል።

መድን ግን አላቸው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «አለሁልህ የቤት መድን» የሚባለው ኩባንያ ደንበኛ ናቸው። እንደ ሰፈሩ ሁሉ እነሱም ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት፣ ከበሩ አጠገብ ከተበሳችው ትንሽ ወንፊት የማሽን ድምፅ ይሰማሉ። ኩባንያው «ጠያቂ» ይላታል፤ ሰፈሩ «እሷ» ይላታል። እንደምን አደሩ፣ ቤቱስ እንዴት አደረ ትላለች። ይመለስላታል፤ ትሄዳለች። በረዶው በወረደ ማግስትም በሰዓቷ ጠየቀች። ጋሽ ናሆም መለሱላትና ባልዲ ፍለጋ ሄዱ።

የጉዳት ማመልከቻቸውን በዚያው ዕለት ላኩ። ፎቶ አላያያዙም። ፎቶ ማስረጃ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በፎቶማ ማንም ሰው ቤቱን በዝሆን ሲያስረግጥ ይውላል። ኩባንያው የሚያምነው የሰው ቃል ብቻ ነው፤ ያውም ከአፍ የወጣውን፣ በድምፁ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን መልሱ መጣ። አጭር ነበር። ቤቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው በሰጠው ቃል መሠረት ቤቱ ደህና ስለሆነ ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል ይላል።

ጋሽ ናሆም መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሶፋቸው ላይ የተኛውን ጣሪያ አዩ። ከዚያ በቀዳዳው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ሳያዙት ወደ ጎረቤት አጥር ዞረ።

አጥሩ የጋሽ ባሮክ ነው። ጋሽ ባሮክ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ ይህም ጋሽ ናሆምን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደስ አሰኝቷቸው አያውቅም። በረዶው በወረደ ዕለት ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። እንኳን ሰው አልነካ ብለው ገቡ፣ ቀዳዳውን በዓይናቸው ለኩ፣ ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነበር ብለው ጠየቁ። የእናንተስ ቤት እንዴት ሆነ ሲባሉ፣ ተመስገን፣ እኛን ጎብኝቶን አለፈ አሉ። አሁን ሲያስቡት ጋሽ ናሆም ሁሉም ነገር ገጠመላቸው። ጨፈን ያለችው ዓይን የግራዋ ነበረች።

ሄደው አጥሩ ላይ ጠሯቸው።

«ባሮክ፣ ስለ ቤቴ የጠየቀህ ሰው አለ?»

«ስለ ቤትህ? ሰፈሩ በሙሉ ይጠይቀኝ የለ እንዴ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ። ተመስገን፣ ደህና ናቸው እላለኋ።»

«ደህና ናቸው ትላለህ።»

«ታዲያ ቤታቸው ፈርሶ ሜዳ ላይ ተሰጥተዋል ልበልልህ? ሰው እኮ ነህ፤ ክብርህን ልጠብቅልህ እንጂ።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ መሬት እያየ ያልፍ ጀመር።

ጥርጣሬ አንዴ በር ከተከፈተለት ቤተኛ ነው። በሳምንቱ ወደ እትዬ ሃሴት ዞረ። እትዬ ሃሴት ሰሃን ሲያጥቡ ከእሷ ጋር የማውራት ልማድ አለባቸው፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ወገባቸው። ጋሽ ናሆም ነገሩን አዙረው አዙረው፣ ምናልባት በወሬ መሀል ቤታችን ደህና ነው ብለሽ ይሆን ብለው ጠየቋቸው።  ለሁለት ቀን ወጡ ጨው አልነበረበትም።

ከዚያ የቀረው ቤቱ ራሱ ነው። ጋሽ ናሆም ግድግዳዎቹን በእድሜያቸው ልክ ያውቋቸዋል፤ ጆሯቸው የት እንዳለ ግን አያውቁም። ስለዚህ ሊፈትኗቸው ተነሱ። መኝታ ቤት ገብተው፣ ጓሮ ስቆፍር የወርቅ እንስራ አገኘሁ ብለው ለቁም ሳጥኑ ነገሩት። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ከመንግሥት ደብቄ የማረባው አዞ አለኝ አሉ። ማድ ቤት ገብተው ድስቱን ከፍተው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነብር ገብቷል፣ ሃሴት እንዳትሰማ አሉት። በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እሷ ሰላምታዋን ጨርሳ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ መታጠቢያ ቤት ገባ የተባለው አውሬ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀች። ስለ ወርቁም ስለ አዞውም አላነሳችም።

ጋሽ ናሆም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማድ ቤት ሲገቡ ተንፍሰው አይጨርሱም። ግን ነብሩ የነገራቸው ነገር ግማሽ ብቻ ነው። ማድ ቤቱ ይሰማል፤ እሺ። ቤቱ ደህና ነው ያለው ሰው ግን ማነው?

ኩባንያው በከተማው አንድ የሰው መስኮት አለው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይከፈታል። ጋሽ ናሆም በረዶው በወረደ ዕለት አንዱን ፍሬ አንስተው ፍሪዘር ውስጥ አኑረውት ነበር። በፔርሙስ ከትተው ይዘውት ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ነበር፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ፔርሙሱ ውስጥ የቀረው አንድ ስኒ የማይሞላ ውሃ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ኬብሮን የምትባል ሴት ውሃውን በትሕትና ተመለከተችውና ይጠጡት አባቴ፣ ሙቀት ነው አለቻቸው።

ጋሽ ናሆም አልጠጡትም። የመጡበትን ተናገሩ። የመሰከረብኝን ሰው ስም ንገሪኝ፣ ፊት ለፊት ልጠይቀው አሉ። ስሙን ባሮክ ብላ እንድትጀምር ልባቸው እየጠበቀ ነበር። ኬብሮን ስም መናገር አይፈቀድልኝም፣ ድምፁን ማሰማት ግን መብትዎ ነው ብላ አንድ ነገር ነካች።

መጀመሪያ የመጣው የውሃ ድምፅ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ እንደምን አደሩ፣ ቤቱስ እንዴት አደረ። ከዚያ ከእንቅልፉ የተነሳ የሽማግሌ ድምፅ፤

«ተመስገን፣ ደህና ነን። ቤቱም ደህና ነው፣ ተመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?»

ከዚያ እንደገና፣ ጠብ፣ ጠብ።

ጋሽ ናሆም የፔርሙሱን ክዳን አጥብቀው ዘጉ። ኬብሮን ልትረዳቸው ብላ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ እንደሚል፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለበት አንድ ሰው አመዱ ላይ ቆሞ ተመስገን እንዳለ፣ የእሱ ጉዳይ እስከ ዛሬ እንዳልተዘጋ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ልበላት?» አሉ በመጨረሻ።

«የሆነውን ነዋ፣ አባቴ።»

«ገና በጠዋቱ? እንደምን አደርክ ብላ ለጠየቀችኝ?»

«እሷ እኮ የምትጠይቀው ለማወቅ ነው።»

ይህ አባባል ለጋሽ ናሆም አዲስ ነበር። በሕይወታቸው እንደምን አደርክ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ ለማወቅ የጠየቃቸው ይኖራል ብለው ግን ጠርጥረው አያውቁም።

ኬብሮን መንገዱን አስረዳቻቸው። የሰጡትን ቃል ማንሳት ይቻላል። ለሰባት ተከታታይ ጠዋት፣ በራስዎ አንደበት፣ ቤቱ ደህና አይደለም ይላሉ። በነዚያ ቀናት ከእርስዎም ሆነ ከቤተሰቡ የምስጋና ወይም የደስታ ድምፅ ቤት ውስጥም ሆነ ውጪ ከተሰማ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ሰባቱ ቢሞሉም ጣሪያ ሠሪዎቹ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ውሳኔው ሊነሳ ይችላል። ይህን ሁሉ ስትናገር አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ዓይኗ ከራሷ ጠረጴዛ በላይ ባለችው ወንፊት ላይ ነበር። የዚያን ቀን ግንቦት ሃያ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋሽ ናሆም ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ቆሙ። እሷ ጠየቀች። ደህና አይደለንም አሉ፤ አፋቸው ግን ስልሳ ስድስት ዓመት የለመደውን አልተወም፤ «ቢሆንም ተመስገን» አለ። ከአንድ ይጀመር ተባለ። በሁለተኛው ጠዋት ቃሉን ጥርሳቸው መሀል አስቀሩት። በሦስተኛው ቀን እንግዳ ሲሸኙ በሩ ላይ አመለጣቸው። ከአንድ። በሌላ ጊዜ አምስት ቀን ደርሰው እትዬ ሃሴት አስነጠሳቸውና አመስግነው አረፉት። ከአንድ። እትዬ ሃሴትም ነገሩን ሁሉ ጠሉት። ጠዋት ጠዋት አፍ ሲከፈት ደህና አይደለንም ማለት መዓት መጥራት ነው ብለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሁለት ጆሯቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ሰኔ አምስት ቀን እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ቀን የለም። ሰባተኛው ጠዋት ሰኔ አስራ አንድ ነው።

በዚያ ሳምንት እሷ ተለወጠች። ወይም ለጋሽ ናሆም እንደዚያ መሰላቸው። በሁለተኛው ቀን ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ አለች። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ከሐኪማቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። ብሶብኛል አሉ፤ ዋሽተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ማታውን በማቆሙ እንኳን ደስ አለዎት አለች። ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን፣ ሐዋሳ ያለችው ልጅዎ ማራማዊት ወሯ ገብቷል አይደል፣ እንዴት ሆነችልዎት አለች።  ሰው ሲጠይቃቸው ወዲያው ከአፋቸው የሚመጣው አንድ ቃል ነው፤ እሷም ያንን ቃል አውቃ እንደ አጥማጅ መንጠቆውን ከአፋቸው ሥር የምትጥል መሰላቸው። ጥያቄሽ ስለ ቤቱ ነው፣ ቤቱ ደህና አይደለም አሉ። በአምስተኛውም በስድስተኛውም ይህንኑ አሉ። ማታ ማታ አፋቸውን በፎጣ አስረው ይተኙ ነበር፤ በእንቅልፋቸው ልባቸው ደስ ብሎት አንድ ነገር እንዳይል።

በሰባተኛው ጠዋት እትዬ ሃሴት ወደ ጓሮ አልወጡም። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ አጠገባቸው ቆሙ። አስራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ናሆም፣ እንደምን አደሩ እትዬ ሃሴት» አለች እሷ። «ማራማዊት ዛሬ ንጋት ላይ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። እንኳን ደስ አላችሁ። እንዴት ናችሁ?»

ስልካቸው አልጮኸም። አማቻቸው አልደወለም። ዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ ገና ጓንቱን እያወለቀ ይሆናል፤ እሷ ግን እዚህ በራቸው ላይ ቆማ ትናገራለች።

እትዬ ሃሴት አፋቸው ተከፈተ፤ ምላሳቸው ለእልልታ ተነሳ። ጋሽ ናሆም ዞረው አዩዋቸው። አላዘዟቸውም፣ አልለመኗቸውም፤ አዩዋቸው ብቻ። እትዬ ሃሴት የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። እንባቸው ግን ድምፅ ስለሌለው እንደ ልቡ ወረደ።

«ግማሹ ጣሪያ የለም» አሉ ጋሽ ናሆም። «ሳሎኑ ውሃ ነው። ቤቱ ደህና አይደለም።»

«ስለ ልጅዎስ ምን ይሰማዎታል?»

«ጥያቄሽ ስለ ቤቱ ነው።»

እሷ ዝም አለች። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ረጅም ዝምታ ከዚያች ወንፊት ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ መዝግቤያለሁ፣ መልካም ቀን ብላ ሄደች።

 ጋሽ ናሆም በሩን ከፈቱ፤ ወጡ። እትዬ ሃሴት ነጠላቸውን በጥርሳቸው እንደያዙ ተከተሉ። መንገዱ ላይ የመብራት እንጨቶች አሉ፤ አጥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ አጥር ላይ ወንፊት አለ። ሰፈሩን ጨርሰው ወጡ። ወንዙን ተሻገሩ። ከወንዙ ማዶ ማንም ያልገነባበት፣ ማንም መድን ያልገባለት የባሕር ዛፍ ደን አለ። እዚያ ደርሰው ሊተነፍሱ ሲሉ ሰው አዩ።

አንድ ሰው አይደለም። አስራ አምስት ይሆናሉ፤ ሁሉም የአዲሱ ኬላ ሰዎች፣ ጋቢ የለበሱ፣ ጫማ በትክክል ያላሰሩ። አንዷ ሴት ዛፍ ተደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ሽማግሌ ተንበርክኳል። ሌላው ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ጋሽ ባሮክም አሉ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ፤ ሰማይም መሬትም አላዩም።

«አንተም?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«የእኔማ ማድ ቤቱ በሙሉ ነው የሄደው» አሉ ጋሽ ባሮክ፤ አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ተከፍቷል። «ማድ ቤት የለኝም፣ ናሆም። ስድስተኛ ቀኔ ነው። ሚስቴ ልመርቅ ስትል አፏን እየያዝኩ እዚህ አመጣታለሁ።»

ጎብኝቶን አለፈ ያልከውሳ አሏቸው። ታዲያ ለጠየቀ ሰው ምን ልል ኖሯል አሉ ጋሽ ባሮክ፤ የሃምሳ ቀን ኩርፊያ በዚህ አለቀ።

ይህን ጊዜ የጋሽ ናሆም ኪስ ተንቀጠቀጠ። ስልካቸውን ቤት መተው ረስተው ኖሯል። አወጡት። የሰባት ቀን ቃልዎ ተሟልቷል ይላል። ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ወረቀቱ ተልኳል፤ ጣሪያ ሠሪዎቹ ሐሙስ ሥራ ይጀምራሉ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጋሽ ናሆም መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ የደስታው ቃል ከሆዳቸው ተነስቶ ጉሮሯቸው ደረሰ፤ ከንፈራቸው ተገጠመ፣ ሊከፈት ሆነ። ጋሽ ባሮክ ዘለው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት። በሌላ እጃቸው ስልኩን ቀሙና ሮጡ፤ ያን ሁሉ ዕድሜ ተሸክመው እንደ ኮበሌ ሮጡ፤ ራቅ ብሎ ካለ የላም እበት ክምር ውስጥ እስከ ክርናቸው ቀብረውት፣ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ ተመለሱ።

«በል አሁን በል» አሉ።

ጋሽ ናሆም ግን ወዲያው አላሉም። የእያንዳንዱን ሰው ኪስ አዩ። የእያንዳንዱን ጆሮ አዩ። ጋሽ ባሮክ ነገሩ ገብቷቸው የመስሚያ መሣሪያቸውን ነቅለው ጫማቸው ውስጥ ጨመሩ። እትዬ ሃሴት መጠበቅ አልቻሉም። ነጠላውን ከአፋቸው ስበው አወጡ፤ ወንድ ልጅ ተወልዶልናል አሉ፤ እልልታው ወጣ። ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሉ። በዚያ ደን ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ስለማያውቅ በዛፎቹ ላይ ያደረው ቁራ በሙሉ በድንጋጤ ተነስቶ ሰማዩን አጠቆረው።

በሙሉ ማለት፣ ከአንዱ በቀር። አንዱ ቁራ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ክንፉን አላንቀሳቀሰም። አንገቱን ብቻ አዘንብሎ ወደ እነሱ ያያል።

ጋሽ ናሆም የከፈቱትን አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ዓይናቸውን ከቁራው ሳይነቅሉ፣ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ድንጋይ አነሱ። ጋሽ ባሮክም ጎንበስ አሉ።